ማዘዣው በማን እጅ ነው?

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ የልጆች ፊልም ነው። ይህን ስትሰሙ አንዳንዶቻችሁ ገጹን ለመግለጥ እንደምትሰናዱ አውቃለሁ። «ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ ወይም ለፈተና እየተዘጋጀሁ ሳለ፣ የሕፃናት ጨዋታ ምን ይረባኛል?» ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ። ተረት ለሕፃናት ይነገራል እንጂ የሚያወጡት ዐዋቂዎች ናቸው፤ ዐዋቂ ደግሞ በሸንጎ ሊናገረው ያልደፈረውን በተረት አሳብቦ ይናገራል። አባቶቻችን በቀበሮና በጅብ አፍ ስንት ቁም ነገር እንዳስተላለፉ ታውቃላችሁ። ጃፓኖችም እንዲሁ ቁም ነገራቸውን በአንድ ትልቅ ብረት ላይ አሳብበው ተናገሩ።

ፊልሙ «ቴትሱጂን 28-ጎ» ይባላል። «ቴትሱ» ብረት፣ «ጂን» ሰው፣ «ጎ» ደግሞ ቁጥር እንደ ማለት ስለሆነ፣ በአማርኛ «ብረት ሰው ቁጥር 28» ብንለው ያስኬዳል። ፉጂ በተባለው የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ መታየት የጀመረው በ1963 ዓ.ም. ኦክቶበር 20 ቀን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው። እስከ 1966 ድረስ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ክፍሎች ታይተዋል። ከእርሱ በኋላ በጃፓን አገር ለተሠሩት የግዙፍ ሮቦት ፊልሞች ሁሉ አያታቸው እርሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ካኔዳ ሾታሮ የሚባል አንድ ትንሽ ልጅ አለ። አጭር ሱሪ ይለብሳል፣ ክራቫት ያስራል፣ መኪና ይነዳል፣ ሽጉጥም ይዞ ይዞራል። «መንጃ ፈቃዱን ማን ሰጠው?» ብሎ መጠየቅ የልጅነትን ደስታ ማጥፋት ስለሆነ እንለፈው። ቁጣውም ሳቁም ቅርብ የሆነ ኦትሱካ የሚባል የፖሊስ ሹም፣ ሺኪሺማ የሚባሉም አንድ ሊቅ ከልጁ አይለዩም። ከእነርሱ ጋር ፎቅ የሚያህል ብረት ሰው አለ፤ በጀርባው በተሸከመው ሮኬት ይበራል፣ በጡጫው ግድግዳ ይንዳል፣ ጥይት አይበሳውም። ወንበዴዎች፣ ሰላዮችና ልባቸው የከፋ ሊቃውንት በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ብረት ሰውም በየሳምንቱ ይዋጋቸዋል።

እስከዚህ ድረስ የልጅ ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ያ ሁሉ ብረት ጭንቅላት እንጂ አእምሮ የለውም። የሚያዘው ሾታሮ በእጁ በያዛት ትንሽ ሣጥን ነው። ሣጥኗ ሁለት እጀታና አንድ አንቴና አላት። ልጁ እጀታውን ሲገፋ ብረቱ ይነሣል፤ ሲስብ ይቆማል። ሣጥኗን ሌላ ሰው ቢይዛት ግን ብረቱ ለዚያ ለሌላው ሰው ይታዘዛል። ትናንት ያዳነውን ልጅ ዛሬ ሊረግጥ ይመጣል። አይከፋውም፣ አያፍርም፣ አያመነታም። የፊልሙ ወንበዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ ብረቱን ለማሸነፍ አይደክሙም፤ ድካማቸው ሁሉ ሣጥኗን ለመስረቅ ነው።

እኔ ይህን ፊልም ያየሁት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የእኅቴ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በኮምፒዩተር ሲያይ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥሁ። ትንሽ ቈይቶ «ጋሼ፣ ይህ ብረት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጆች የፊልም ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንን ነው። መልሱን ሳስብ ወንበዴዎቹ ሣጥኗን ነጠቁና ብረቱ ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ። የእኅቴ ልጅ ተቈጥቶ ተነሣና «ያው እርሱ ነው እንዴ?» አለ። አዎን፣ ያው እርሱ ነው። ፊቱም ያው ነው፣ ጡጫውም ያው ነው። የተለወጠው እጁ ነው፤ የብረቱ እጅ ሳይሆን ሣጥኗን የያዘው ሰው እጅ።

በዚያው በ1963 ዓ.ም.፣ ገና በጃንዋሪ 1 ቀን፣ በዚያው ጣቢያ ላይ «ቴትሱዋን አቶም» የተባለ ሌላ የሮቦት ፊልም ጀምሮ ነበር። ደራሲው ስመ ጥሩው ቴዙካ ኦሳሙ ነው። አቶም ትንሽ የብረት ልጅ ሲሆን ልብ አለው፤ ያዝናል፣ ይደሰታል፣ ክፉና ደጉን ይለያል። ሁለቱም ታሪኮች ከቴሌቪዥኑ በፊት «ሾኔን» በተባለ አንድ የልጆች መጽሔት በሥዕል ይወጡ ነበር፤ አቶም ከ1952 ጀምሮ፣ ብረት ሰው ደግሞ ከ1956 ጀምሮ። ስለዚህ የጃፓን ልጆች በአንድ መጽሔት ውስጥ፣ ገጽ እየገለጡ፣ ሁለት ዓይነት ብረት ያዩ ነበር፤ አንዱ ኅሊና ያለው፣ ሌላው የሌለው። አብዛኛው ሰው አቶምን ይወድዳል። እኔም እወድደዋለሁ። እውነቱን የነገረን ግን ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከተሠሩት መሣሪያዎች መካከል ኅሊና ይዞ ከፋብሪካ የወጣ አንድም አልተገኘም።

ይህን ብረት የፈጠረው ዮኮያማ ሚትሱቴሩ የተባለ ሰው ነው። በ1934 ዓ.ም. ኮቤ በተባለችው የወደብ ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በከተማው በሚገኝ ባንክ ተቀጥሮ ነበር፤ ነገር ግን የሥዕል ጊዜ ስላጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ። (የባንክ ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ይህን አይታችሁ ነገ መልቀቂያ እንዳትጽፉ አደራ፤ እርሱ እጅ ነበረው።) ብረት ሰውን ለመጽሔት መሣል ሲጀምር ዕድሜው ገና ሃያ ሁለት ገደማ ነበር።

ብረቱ ከየት እንደ መጣለት ዮኮያማ ራሱ በኋላ ዘመን ተናግሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልጆች ከከተማ እየወጡ ወደ ገጠር ይላኩ ስለነበረ፣ እርሱም ቶቶሪ ወደ ተባለ አገር ተልኮ ነበር። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኖ ወደ ኮቤ ተመለሰ። ከተማይቱን አላገኛትም። ቢ-29 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በዚያው ዓመት በማርችና በጁን ወር በእሳት ቦምብ አንድደዋት ነበር። የጃፓን ቤት የእንጨትና የወረቀት ሥራ ስለሆነ እሳት ሲነካው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሰፈር ሙሉ ያልቃል። ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ልጁ ከአመድ በቀር የሚያየው ባጣ ጊዜ «ይህን ያደረገው ቢ-29 ነው» ብለው ነገሩት። አንድ የብረት ዕቃ ይህን ያህል ኀይል ሊኖረው መቻሉ በልቡ ገብቶ ቀረ።

ወደዚህም ሁለት ነገር ተጨመረ። አንዱ ጀርመኖች በጦርነቱ መጨረሻ በምስጢር የሠሩት ሰው የማይነዳው መሣሪያ ወሬ ነው፤ ቪ-1 እና ቪ-2 የተባሉት እየበሩ የሚሄዱ ቦምቦች ማለት ነው። ሁለተኛው በ1931 የተሠራው «ፍራንከንስታይን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ አንድ ሊቅ የሰው አካል ገጣጥሞ ሕይወት ሲሰጠው የሚያሳይ። ዮኮያማ ከዚህ ፊልም የቀረለት ያ ፍጥረት በራሱ ክፉም ደግም አለመሆኑ ነው። እንግዲህ ከተማ የሚያጠፋ ኀይል፣ ሰው የሌለበት መሣሪያና በራሱ ክፉም ደግም ያልሆነ ፍጥረት በአንድ ልጅ ራስ ውስጥ ተገናኙና ብረት ሰው ተወለደ።

በመጽሔቱ ታሪክ የብረት ሰው አመጣጥም ይህንኑ ይመስላል። በጦርነቱ መጨረሻ የጃፓን ጦር ሠራዊት በምስጢር የሚያሠራው መሣሪያ ነበር። ቁጥሩ ሃያ ስምንት መሆኑም ከእርሱ በፊት ብዙ ሙከራ እንደ ነበረ ይነግረናል። ከሠሪዎቹም አንዱ የሾታሮ አባት ነው። ጦርነቱ አበቃ፤ አዛዦቹ ተሸነፉ፤ ብረቱ ግን ቀረ። እንግዲህ ምን ይደረግ? ይህ ጥያቄ የልጆች ጥያቄ አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ሙሉ ሕዝብ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ዕውቀቱና ስለ ትእዛዝ አክባሪነቱ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ለጦርነት የተሠራው ኀይል አልጠፋም፤ ማን ይዘዘው?

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበላችሁ፤ በሥዕል ፊልም ማን እንደሚደክም የሚያስብ ሰው ጥቂት ነውና። ፊልም በአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ምስል ያሳልፋል። የሃያ አምስት ደቂቃ ፊልም እንግዲህ 36 ሺህ ምስል ይፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በእጅ ሥሎ በየሳምንቱ ማድረስ የማይቻል ስለሆነ፣ ጃፓኖች በሰከንድ ስምንት ሥዕል ብቻ እየሣሉ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ያነሡ ጀመር። ከዚያም አልፎ፣ አካሉ ሳይንቀሳቀስ አፉ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ይሥላሉ፤ ወይም ሰማዩን ከኋላ እየሳቡ የቆመውን ሥዕል የሚበር ያስመስላሉ። ለዚህ ዓይነት ሥራ ብረት ሰው የተመቸ ነው። ፊቱ አይለወጥም፤ ዐይኑ አይገረመምም፤ አፉ ቃል አይናገርም። ሠሪዎቹ ይህን ለቍጠባ ብለው ቢያደርጉትም ቍም ነገሩን የሚያጠነክረው እርሱ ሆኖ አገኘሁት፤ ሕፃን ሲያድንም፣ ድልድይ ሲያፈርስም ያ ፊት አንድ ነውና።

ወጪውን የሚችለው ደግሞ ግሊኮ የተባለ የካራሜላ ኩባንያ ነበረ፤ የመክፈቻው መዝሙር ሲያልቅ የኩባንያው ስም ይጠራል። ስለ ኀይልና ስለ ኅሊና የሚናገር ታሪክ ከረሜላ ሊሸጥ መጣ! ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን ልጆቹ ከረሜላውን በልተው ረስተውታል፤ ታሪኩ ግን ቀርቷል።

ፊልሙ ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካም ሄደ። ፍሬድ ላድ የተባለ ሰው 52ቱን ክፍል መርጦ በእንግሊዝኛ አናገረውና፣ ስሙን «ጃይጋንቶር» አለው፤ ሾታሮም ጂሚ ስፓርክስ የሚባል የአሜሪካ ልጅ ሆነ፤ ዘመኑም ወደፊት ተገፍቶ 2000 ዓ.ም. ተባለ። በ1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ታየ። እስቲ አስቡት፤ ኮቤን ያቃጠሉት አውሮፕላኖች የመጡባት አገር ልጆች፣ ከኮቤ አመድ የተነሣውን ብረት እያጨበጨቡ አዩት። ስሙም፣ ቋንቋውም፣ ዘመኑም ሲለወጥ አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ሣጥኗን የያዘ ብረቱን ያዛል።

በኋላ የመጡት ደራስያን ግን ሣጥኗን አንሥተው ሰውየውን ራሱን በብረቱ ውስጥ አስገቡት። በ1972 የወጣው የናጋይ ጎ «ማዚንገር ዜድ» እንዲህ ነው፤ ወጣቱ በሮቦቱ ራስ ላይ ተቀምጦ እንደ መኪና ይነዳዋል። ሮቦቱን የሠሩለት አያቱም በዚህ ኀይል አምላክም ሰይጣንም መሆን እንደሚችል ይነግሩታል። በ1979 የወጣው የቶሚኖ ዮሺዩኪ «ጋንዳም» ደግሞ ሮቦቶቹን እንደ ማንኛውም የጦር መሣሪያ አድርጎ፣ በሁለቱም ወገን የሚሞቱ ሰዎች መኖራቸውን አሳየ። ሁሉም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። እኔ ግን ወደ ሣጥኗ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም በብረቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ አደጋው ይደርስበታል፤ ሣጥን የያዘ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ ነው። ዛሬ ሰው በሌላ አገር ተቀምጦ የሚያበረውን የጦር አውሮፕላን የምንሰማ ሰዎች የትኛው እንደሚያሳስብ እናውቀዋለን።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ግን ስለ ጦር መሣሪያ ለመስበክ አይደለም። ከእኔና ከእናንተ ማንም የጦር አውሮፕላን አያዝም። ፊልሙን ባየሁ ቍጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ቅርብ ነገር ነው፤ በወጣትነቴ ወደ ተቀጠርሁበት አንድ መሥሪያ ቤት። በዚያም አንዲት ሣጥን ነበረች።

ሥራ ከጀመርሁ ገና ስድስት ወር ገደማ ነበር። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም የሚይዙት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ማኅተሙን በብረት ሣጥን ይቈልፉበታል፤ ቁልፉን በክር አስረው ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው ያጠልቁታል። እኛ ወጣቶቹ በዚህ እንስቅ ነበር። ሁለት ጣት የምታህል ጎማ እንደ ጽላት መጠበቋ ያስቀን ነበር።

አንድ ዓርብ፣ የመውጫ ሰዓት ሲቃረብ፣ ከላይኛው ፎቅ አንድ ወጣት ጸሐፊ ደብዳቤ ይዞ እየተቻኰለ ገባ። ደብዳቤው የወጪ ቍጥር የለውም። በጽሑፉና በፊርማው መካከል አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተትቷል።

«እትዬ፣ ቶሎ ማኅተም ያሳርፉበት፤ አለቃ ይጠብቃሉ» አላቸው።

እርሳቸውም መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። «ልጄ፣ ቍጥሩ የት አለ? ይህስ ባዶ ቦታ ነገ ምን ሊጻፍበት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ታዝዤ ነው።»

«አንተስ ታዘዝህ። ማኅተሙ ግን ዐይን የለውም፤ ዐይኑ እኔ ነኝ» አሉት።

ወጣቱ ተመልሶ ሄደ። ጥቂት ቈይቶ አለቃው ራሳቸው ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እጅ ነሥተው፣ በለሰለሰ ድምፅ «ጌታዬ፣ በመዝገብ ይግባና እኔው ራሴ አትሜ ይዤልዎት እወጣለሁ» አሉ። ከዚህ በላይ አንድም ቃል አልጨመሩም። አለቃው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ያ ወረቀት ወደ እኛ ክፍል ሁለተኛ አልመጣም። ምን ሊጻፍበት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የማውቀው፣ በዚያ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ሲወጣ የእትዬ ስም በዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን ነው። ምክንያቱን የነገራቸው የለም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ቁልፉ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከአንገታቸው አልወረደም።

አሁን እናንተ ወጣት ሠራተኞች የምትሉኝን እሰማለሁ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር እትዬ ምን አተረፉ? ጭማሪያቸው ቀረ፤ ማንም አላመሰገናቸው። ደግሞስ ትንሹ ሠራተኛ ሁሉ ራሱን ዳኛ ካደረገ፣ ትእዛዝን ሁሉ በሚዛን ካስቀመጠ፣ የመንግሥት ሥራ እንዴት ይሄዳል?

ሁለተኛው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነውና በቀላሉ አላልፈውም። መታዘዝ ያስፈልጋል። ድልድይ ሊወድቅ ሲል ብረት ሰው ቆሞ ቢከራከር ባቡሩ ገደል ይገባል። የሥራ ጓደኛው ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳምንት ሲያድር «ገና እያሰብሁበት ነው» የሚል ሠራተኛም ኅሊና ያለው ሰው ሳይሆን ሰነፍ ነው። እንቢታን ሁሉ ጀግንነት ማድረግ ሌላ ዓይነት ሞኝነት ነው። እትዬን ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። አለቃቸውን አልሰደቡም። አላትምም አላሉም። ያሉት «በመዝገብ ይግባ» ነው። የታዘዙት ከአለቃው በላይ ለሆነው ደንብ ነው፤ ያም ደንብ አለቃውም ራሳቸው የተቀመጡበት ወንበር መሠረት ነው። ብረት የሚታዘዘው ሣጥኗን ለያዘው እጅ ነው። ሰው ግን ከመታዘዙ በፊት ያ እጅ ሣጥኗን እንዴት እንዳገኛት ለመጠየቅ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ፣ ማለት «ምን አተረፉ?» የሚለውን፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። በገንዘብ ረገድ ያተረፉት የለም። የፊልሙ ልጅ በየክፍሉ መጨረሻ ያሸንፋል፤ ፖሊሱም ያጨበጭብለታል። በመሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያ ወረቀት ባዶ ቦታው ተሞልቶ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት የአንድ ሰው ቤት ወይም የአንድ ሰው እንጀራ ይወሰድበት ነበር፤ ያ ሰው ግን ከጥፋት መዳኑን አያውቅምና ሊያመሰግን አይመጣም። ይህን የመሰለ ሥራ ምስክር የለውም። ይህን አውቆ የማይገባበት ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ግን ሣጥኗን አይያዝ።

በዛሬው ዘመን ደግሞ አዲስ ብረት መጥቷል። በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ወረቀቴ ሙሉ ነው፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ወጣትም ሙሉ መሆኑን በዐይኑ አይቷል። ነገር ግን «አባቴ፣ ሲስተሙ እንቢ አለ» አለኝ። «ሲስተሙን ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያዘዘው?» ብዬ ብጠይቀው በእውነት ተገረመ፤ ኮምፒዩተር የሚያዘው ሰው ያለው መሆኑን አስቦት የሚያውቅ አልመሰለኝም። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት ለዚህ ነው። ኮምፒዩተር እንቢ አይልም፤ እሺም አይልም። አንድ ሰው አንድ ቀን ተቀምጦ «እንዲህ የሆነ እንደሆነ እንቢ በል» ብሎ የጻፈለትን ይፈጽማል። አሁን እየተስፋፋ ያለውና «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የተባለውም ቢሆን፣ እንደ አቶም ይናገርና ይመልስ እንጂ፣ ከኋላው የኩባንያና የሹም እጅ አለ። የሚናገር ብረት ሲመጣ ሣጥኗ የጠፋች ይመስላል፤ አልጠፋችም፤ ከዐይን ራቀች እንጂ።

ዮኮያማ በ2004 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ቤቱ በተነሣ እሳት ተቃጥሎ ሞተ። በልጅነቱ ከተማውን የበላው እሳት በእርጅናው እርሱን አገኘው ማለት ነው። በዚያው ወር ብረት ሰው እንደገና በአዲስ ፊልም መታየት ጀምሮ ነበር፤ ኢማጋዋ ያሱሂሮ የተባለ ሰው ያዘጋጀው ይህ ፊልም ታሪኩን ጦርነቱ ካበቃ ከዐሥር ዓመት በኋላ አድርጎ፣ የጦርነት ትራፊ የሆነ ኀይል በሰላም ዘመን ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ፊልም አርባ ዓመት አልፎም ጥያቄው አላረጀም።

የኮቤ ሰዎችም የከተማቸውን ልጅ አልረሱትም። በ1995 ዓ.ም. ጃንዋሪ 17 ቀን ንጋት ላይ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ6,400 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ናጋታ የተባለው የጫማ ሠሪዎችና የትንንሽ ሱቆች ሰፈር በእሳት ወደመ፤ ኮቤ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች መክረው፣ ሰፈራቸውን ለማነሣሣት ብለው፣ በ2009 ዓ.ም. በዋካማትሱ መናፈሻ የብረት ሰውን ሐውልት አቆሙ። ቁመቱ 18 ሜትር ነው ይሉታል፤ ክብደቱም ወደ 50 ቶን ነው፤ ወጪው 135 ሚሊዮን የን ያህል ሆነ። አንድ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ቆሟል፤ ልጆች በእግሮቹ መካከል ይሮጣሉ።

የሐውልቱን ሥዕል ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰፈሩን መልሶ የሠራው እርሱ እንዳልሆነ የናጋታ ሰዎች ያውቃሉ፤ ምስማሩን የመቱት፣ ገንዘቡን ያዋጡት፣ ሱቁን የከፈቱት እነርሱ ናቸው። ብረቱ ቆሞ ይታያል እንጂ አይንቀሳቀስም፤ የሚያዘውም ሣጥን የለም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ተማሪዎቹም ነገ፣ ሠራተኞቹም ዛሬ፣ አንዳንድ ሣጥን በእጃችሁ ይገባል። ለአንዱ ማኅተም ነው፤ ለአንዱ የዕቃ ቤት ቁልፍ፤ ለአንዱ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃል፤ ለአንዱ የተማሪዎች ውጤት የሚሞላበት ብዕር። ትንሽ ነገር ነውና እንደ እኔ በወጣትነቴ ትስቁበት ይሆናል። አንድ ዓርብ ወደ ማታ ግን የቸኰለ ሰው ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ይዞ ይመጣል። ያን ጊዜ ብረት ሆናችሁ «ታዝዤ ነው» ማለት ትችላላችሁ፤ ማንም አይከሳችሁም፤ ጭማሪያችሁም አይቀርም። ወይም መነጽራችሁን አድርጋችሁ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ትችላላችሁ። ለእትዬ የጠየቃቸው ምን ያህል እንደ ሆነ ነግሬአችኋለሁ፤ አልደበቅሁም። ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።